ከፍትፍቱ ፊቱ

አማርኛ በመማር ላይ የሚገኙ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ከቃላቱ ሁሉ አስቸጋሪው የትኛው እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ይጠይቁኛል። እኔም ቋንቋውን በትምህርት ያገኘሁት እንጂ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ስላልሆነ ችግራቸው አይጠፋኝም። መልሴ ግን ብዙዎቹን ያስቃቸዋል። እኔን ከሁሉ አብልጦ ያስቸገረኝ «ፊት» የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነው።

የተወለድሁት አዲግራት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ በትግርኛ የሰው ፊት «ገጽ» ይባላል፤ ሁለት ሰዎች እየተያዩ ሲነጋገሩም «ገጽ ንገጽ» ተነጋገሩ እንላለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አማርኛ ስጀምር መምህራችን «ገጽ 12ን አውጡ» ሲሉን፣ መጽሐፍ እንደ ሰው ፊት ያለው መስሎኝ እየሣቅሁ ቅጠሉን እገልጥ ነበር። እንዲህ ሆኖ አማርኛን ከመጽሐፍ ገጽ ላይ ተማርሁት፤ ከሰው ፊት ላይ ግን አልተማርሁትም። ሰዋስዉን ዐውቄ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ከመንግሥት ሥራ ከገባሁ በኋላ እንኳ «ፊት ነሳኝ»፣ «ፊት ሰጠው»፣ «ፊቱን አዞረበት» የሚሉትን አነጋገሮች ቃል በቃል እየፈታሁ እሳሳት ነበር። ፊት የሰጠ ሰው መልካም ያደረገ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ከልክ በላይ ማቅበጥ ነው። ፊት የነሳ ሰውም አንዳች ዕቃ የቀማ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ሰውን እያዩ እንዳላዩ መሆን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚል ምሳሌ አለ። እንግዳን የሚያስደስተው የቀረበለት ፍትፍት ሳይሆን የአቅራቢው ፊት ነው ማለት ነው። ይህን ምሳሌ በተማሪነቴ በደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር። ፍቺውን ግን የተማርሁት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር፣ ከአንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናትና ከታመመው ልጃቸው ነው።

ወደ ጅቡቲ የመጣሁት ለሥራ ነው። የአገራችን የውጭ ንግድ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ ስለሚያልፍ ሰነድ የሚመረምርና ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ካርቲየ በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ሲሆን፣ የከተማው የቀድሞ ሰፈሮች በስም ፈንታ በቍጥር ይጠራሉ። በእኛ አካባቢ ብዙዎቹ ቤቶች የእንጨትና የቆርቆሮ ናቸው። በበጋቸው ወራት፣ ማለት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ካምሲን የሚባለው ትኵስ ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። በመንገዱ ላይ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ ተደባልቀው ይሰማሉ። እኩለ ቀን ሲሆን ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ለበርጫ ተቀምጦ ጸጥ ይላል።

የቤቴ አከራይ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ የድሬዳዋ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው በአሮጌው ባቡር መጥተው እዚሁ ቀሩ። ለከባድ መኪና ነጂዎችና እንደ እኔ ላሉ ወንደላጤዎች እንጀራ እየጋገሩ ይኖራሉ። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ እኔ ቤቱን ስከራይ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከታመመም ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ሰዎች ተቀምጠው የሚያስበውን ሁሉ የሚጽፉበት ይመስለዋል። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሁኔታ ሳይኮሲስ ይሉታል፤ ይኸውም ሰው በእውነት ያለውን ነገር ከሌለው ለመለየት ሲቸገር ነው። ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው በሽታ ላይ በብዛት ይታያል። ሰፈርተኛው ግን ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሶ «ለክፎታል» ይል ነበር።

እኔን ያስፈራኝ የድምፁና የጣራው ነገር አልነበረም። ያስፈራኝ ፊቱ ነበር። ቀልድ ሲነገር አይፈካም፤ ሐዘን ሲነገርም አይጠቍርም። ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ብሎ ይቆይና ጠያቂው ተስፋ ቈርጦ ወደ ሌላ ነገር ካለፈ በኋላ ይመልሳል። ዐይኑን አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ይሰብራል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳያርገበግብ ያፈጣል። ስለዚህ ራት ስንበላ ወንበሬን በመጠኑ ዞር አድርጌ፣ ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁትን ወረቀት ዘርግቼ መብላት ለመድሁ። ለራሴም «ሥራ ስለ በዛብኝ ነው» እያልሁ ምክንያት እሰጥ ነበር።

በአንድ የነሐሴ ማታ እማማ ከጓዳ ሳሉ ልጁ ድንገት «ወንድሜ፣ ፊቴ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልቀለደም። እጁን ከጕንጩ ላይ አድርጎ መልሴን ይጠብቅ ነበር። «አለ» ማለት ምን ያስቸግራል? እኔ ግን ግራ ገባኝና ዐይኔን ከወረቀቴ ላይ ጣልሁ፤ የማላነበውንም ገጽ አገላበጥሁ። ጥቂት ጠበቀኝና ተነሥቶ ወጣ። ሁለት ሌሊት አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን በናጋድ ባቡር ጣቢያ በኩል በእግሩ ሲሄድ፣ የእማማን እንጀራ ሲበላ የኖረ አንድ መኪና ነጂ ዐውቆት፣ ውሃ አጠጥቶ ወደ ቤቱ አመጣው። ከንፈሩ ከጥማት የተነሣ ተሰነጣጥቆ ነበር።

የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ለእማማ ነገርኋቸው። ይቈጡኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን የልጃቸውን እግር እያጠቡ፣ «ልጄ፣ መልሱ ቢጠፋህ አልፈርድብህም፤ እኔንም ብዙ ጊዜ ይጠፋኛል። መልስ ባይኖርህ ግን ዐይን ነበረህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ የራሴ የሥራ መጀመሪያ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ሥራ በገባሁበት ዓመት፣ ሰዎች በአማርኛ ሲያናግሩኝ ነገሩን በልቤ ወደ ትግርኛ እመልሰዋለሁ፤ መልሱን በትግርኛ አሰናድቼ እንደ ገና ወደ አማርኛ አዞረዋለሁ። ይህ ሁሉ ከጥቂት ቅጽበት በላይ አይፈጅም ነበር፤ ነገር ግን ያች መዘግየት ሰውን ታስቀይማለች። አንዳንዱ ኩሩ ነው አለኝ፤ አንዳንዱ ዘገምተኛ ነው አለኝ፤ አንዳንዱም የሚደብቀው ነገር አለው አለ። በመጨረሻ ሰዎቹ ሲናገሩ ወደ እኔ ማየት ተዉ፤ እኔም ወደ እነርሱ ማየት ተውሁ። አንድ አዛውንት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ ጥያቄያቸውን ጠይቀው፣ ዐይናቸውን ከፊቴ ሳያነሡ መልሴ እስኪደርስ ይጠብቁኝ ነበር። አማርኛን ከሰው ፊት ላይ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። እኔ ግን የተደረገልኝን ለሌላው ማድረግ አልቻልሁም።

ከዚህ በኋላ ስለ ሕመሙ ማንበብ ጀመርሁ። በመጀመሪያ ሐኪሙ በፈረንሳይኛ የጻፉትን ወረቀት ለእማማ ለመተርጐም ነበር፤ ኋላ ግን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ባገኘኋት እንግሊዝኛና ጥቂት ፈረንሳይኛ እየተረዳሁ ወደ ተመራማሪዎቹ ጽሑፍ ዘለቅሁ። ያገኘሁትን በአጭሩ ለአንባቢ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ያስደነቀኝ የዚያች መዘግየት ነገር ነው። በ2009 የቋንቋ ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ ክፍለ ዓለም የተውጣጡ 10 ቋንቋዎችን መርምረው፣ በጥያቄና በመልስ መካከል የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን አሳተሙ። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ጥቂት ልዩነት አለ፤ ነገር ግን የትም ቢሆን ጊዜው እጅግ አጭር ነው። ሰው ይህን ያህል ፈጥኖ ለመመለስ የሚችለው፣ ሌላው ንግግሩን ሳይጨርስ መድረሻውን ከድምፁና ከአኳኋኑ አስቀድሞ ስለሚገምት ነው። እንግዲህ ጭውውት አንዱ ጨርሶ ሌላው የሚጀምርበት የዱላ ቅብብል አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድ ሸክም በአንድ እርምጃ ሲሸከሙ ይመስላል፤ አንዱ እርምጃውን ቢያዘገይ ሌላውም ይንገዳገዳል።

የአንጎልን ሥራ ከውጭ ሆኖ መመዝገብ ከተጀመረ አንድ መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል። ሐንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም በ1924 በየና ከተማ የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ መዝግቦ በ1929 አሳተመው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የደምን ፍሰት እየተከተለ የሚሠራው የአንጎል ክፍል የትኛው እንደ ሆነ በሥዕል የሚያሳይ የማግኔት መሣሪያ መጣ። መሣሪያው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የሚመረመረው ሰው ብቻውን በጠባብ ቱቦ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ራሱን ሳያንቀሳቅስ፣ በብርቱ ጩኸት መካከል መቆየት አለበት። ስለዚህ የሳይኮሲስ ሕሙማን የሰውን ፊት እንዴት እንደሚረዱ ለማወቅ ሲፈለግ ይቀርብላቸው የነበረው ፎቶግራፍ ነው፤ የተቈጣ ፊት፣ የፈራ ፊት፣ የሣቀ ፊት። ከዚህም ብዙ ቁም ነገር ተገኝቷል፤ ሕሙማኑ ከፊት ላይ ስሜትን ለመለየት ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚቸገሩ በአያሌ ጥናት ታይቷል። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ መልሶ አያይም። አይጠብቅም፣ አይሰለችም፣ ወንበሩንም አያዞርም።

ይህን ጕድለት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ዐወቁት። በ2002 ሪድ ሞንታግና ጓደኞቹ በአሜሪካ ሁለት ሰዎችን በሁለት መሣሪያዎች ውስጥ አስተኝተው፣ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ የሁለቱን አንጎል በአንድ ጊዜ መዘገቡ። በ2013 ሊዮናርድ ሺልባኽና ጓደኞቹ ሰውን ከሩቅ መመልከትና ከሰው ጋር መገናኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ አንጎል በግንኙነቱ መካከል ሳለ መጠናት ይገባዋል ብለው ጻፉ።

ተመራማሪዎቹን ከቱቦው ያወጣቸው ብርሃን ነው። ፍራንስ ዮብሲስ በ1977 እንዳሳየው፣ ከቀይ ቀለም ወዲያ ያለው፣ ዐይን የማያየው ብርሃን፣ ቆዳንና አጥንትን ዘልቆ ይገባል፤ ኦክሲጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደምም ብርሃኑን በተለያየ መጠን ይውጡታል። ስለዚህ ብርሃን የሚልኩና የሚቀበሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ያሉበት ቆብ በራስ ላይ ሲደረግ፣ ከሚመለሰው ብርሃን የአንጎሉን ሥራ መገመት ይቻላል። የሚደርሰው እስከ አንጎል የላይኛው ሽፋን ድረስ ብቻ ነው፤ ወደ ጥልቁ አይዘልቅም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ቆቡን ደፍተው፣ እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው መነጋገር ይችላሉ። በየይል ዩኒቨርሲቲ የጆይ ሒርሽ ቡድን በ2017 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች የሕያው ጓደኛቸውን ዐይን ሲያዩና የፎቶግራፍ ዐይን ሲያዩ የአንጎላቸው ሥራ አንድ አልሆነም። ዐይን ለዐይን ሲተያዩ ከንግግር ጋር ግንኙነት ያላቸው ክፍሎች ይበልጥ ሠሩ፤ የሁለቱም ሰዎች አንጎል ሞገድ በአንዳንድ ክፍል እየተጣጣመ ሄደ። አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ማለት ነው።

የሳይኮሲስ ሕሙማንን በዚህ መንገድ ማጥናት የተጀመረው በቅርቡ ነው። ከአንጎሉ አስቀድሞ የተጠናው የአካሉ አኳኋን ሲሆን፣ ለእኔ እንደ መስተዋት የሆነልኝ በ2013 በለንደን ተመራማሪዎች የታተመው ጥናት ነው። በዚያ ጥናት አንድ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ ሕመሙን ከማያውቁ ሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ሲወያይ የሦስቱም እንቅስቃሴ በመሣሪያ ይለካ ነበር። ሕሙማኑ ሲናገሩ እጃቸውን፣ ሲያዳምጡም ራሳቸውን የሚያንቀሳቅሱት ከሌላው ሰው ባነሰ መጠን ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ለውጡ በእነርሱ ብቻ አልቀረም። ስለ ሕመሙ ምንም ያልተነገራቸው ተወያዮችም የእጃቸው አኳኋንና ለሕመምተኛው የተሰማቸው ቅርበት ከሕመሙ ምልክት ጋር ይለዋወጥ ነበር። እነርሱ ሳያውቁ ተለወጡ። እኔ ዐውቄ ወንበሬን አዞርሁ።

ሁለት አንጎል በአንድነት የሚጠናበትም ምክንያት ይኸው ነው። በሽታው በአንዱ ሰው አንጎል ውስጥ ያለ ነው፤ ይህን አልክድም። ብቸኝነቱ ግን የሚሠራው በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ ገሚሱም የተመልካቹ ነው።

ስለ ጥናቱ ከልክ በላይ ተስፋ እንዳይደረግ ችግሮቹንም መናገር ይገባኛል። ሰው ሲናገር ጡንቻውና የራስ ቅሉ ቆዳ ደም ስለሚንቀሳቀሱ መዝገቡ ይበላሻል። ሁለት ሰዎች አንድ ዘፈን ቢሰሙ፣ ሳይተዋወቁም እንኳ፣ የአንጎላቸው ሞገድ ሊመሳሰል ይችላል፤ ስለዚህ መመሳሰል ሁሉ መግባባት አይደለም። ሕሙማኑ የሚወስዱት መድኃኒትም ውጤቱን ይለውጠዋል። ጥቅጥቅ ያለ ጥቍር ጠጕርና ሹሩባ ብርሃኑን ስለሚያግዱት፣ እንደ እኛ ያለው ሕዝብ ከጥናቱ ውጭ እንዳይቀር ያሠጋል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው። አሳቤን ይጽፉብኛል ብሎ ለሚሠጋ ሰው «ይህን ቆብ ድፋ» ማለት እንዴት ይቻላል? ቆቡ አሳብ እንደማያነብ፣ የደሙን መጠን ብቻ እንደሚገምት፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ በእውነትና በትዕግሥት የሚያስረዳው ሰው ያስፈልጋል። ጥናቱ ራሱ ከመጀመሩ በፊት የሚጠናውን ነገር ይጠይቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ሕመሙ ከቤተ ሰብ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። በ1940ዎቹና ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የእናት ጠባይ በሽታውን ያመጣዋል የሚል ትምህርት ተነሥቶ ብዙ እናቶችን አሳዝኖ ነበር፤ ኋላ ግን መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቶ ተጥሏል። መድኃኒትም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን ለሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ እርሱና ከእርሱ በኋላ የመጡት መድኃኒቶች ድምፁንና ሥጋቱን ለብዙ ሰዎች አስታግሠዋል። የማይፈካውን ፊትና የሚዘገየውን መልስ ግን ያን ያህል አያድኑም። የእኛ ድርሻ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በአገራችንም ይህ ድርሻ ተፈትኗል። በ1998 በቡታጅራ አካባቢ በተጀመረው ታላቅ ጥናት፣ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎችን ጠየቁ። ከ300 የሚበልጡ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ተገኙ፤ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት የሐኪም ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከዚያው ጎረቤት በሆነው በሶዶ ወረዳ ደግሞ ሌላ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2022 ታተመ። 166 ሕሙማን ከነቤተ ሰባቸው ተካፈሉበት። ሁሉም የጤና ጣቢያ ሕክምና ነበራቸው። ከፊሎቹን ግን ከዚህ በላይ፣ ሐኪም ያልሆኑ ጥቂት ሳምንት የሠለጠኑ የአገሩ ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ይጎበኟቸው፣ ከቤተ ሰቡም ጋር ይመክሩ ነበር። ከ12 ወር በኋላ፣ የተጎበኙት ሕሙማን በዕለት ኑሯቸው የነበረባቸው ችግር ካልተጎበኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። እዚያ ቆብም ብርሃንም አልነበረም። ከበር ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

እማማ ከእነዚህ ጥናቶች አንዱንም አያውቁም። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ማታ ቡና ሲያፈሉ የሚያደርጉትን ልብ ብዬ ተመለከትሁ። ከልጃቸው ጋር ትክክል በሆነ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ እጅግ አይጠጉትም፣ አያፈጡበትምም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁታል። ከዚያ ይጠብቃሉ። አቦሉ እስኪወርድ ቢቆይም ጥያቄውን አይደግሙም፣ ስለ እርሱም ሆነው አይመልሱለትም። ስለ ጣራው ሰዎች ሲነግራቸው «ውሸት ነው» ብለው አይከራከሩትም፤ «አዎን፣ አሉ» ብለውም አያታልሉትም። «እኔ አልሰማሁም፤ አንተ ግን እንደ ፈራህ አያለሁ» ይሉታል። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይሰጡታል። ሐኪሙ ስለ ከለከሉትም በቤታቸው ጫት እንዳይገባ አድርገዋል፤ በዚህ ሰፈር ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም።

እኔም ወንበሬን መለስሁ። ወረቀቴን ከቢሮ ማምጣት ተውሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቄ በልቤ እቈጥር ነበር፤ እስከ አሥር ስደርስ ላቤ ይመጣል። ዝምታው እንደ ዕዳ ይከብደኝ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን፣ ባዶ ነው ያልሁት ፊት ባዶ እንዳልሆነ ዐወቅሁ። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ቅንድቡ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበር፤ ለማየት የሚበቃ ጊዜ አንድም ቀን አልሰጠሁትምና።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ እናንተም አማርኛ ስትማሩ የመልሳችሁን መዘግየት ሰዎች እንዴት እንደሚፈርዱበት ታውቃላችሁ። ከጠረጴዛችን ፊት የሚቆመው ባለ ጉዳይ ሁሉ ፈጥኖ አይመልስም። አንዱ ቋንቋው ሌላ ነው፤ አንዱ ታሟል፤ አንዱም የማናውቀው ነገር ይዞታል። ማመልከቻውን ከማየታችን በፊት ፊቱን ብናይና ጥቂት ብንጠብቅ የመንግሥት ሥራ አይጓደልም።

ልጁ ፈጽሞ አልዳነም። ድምፁ አሁንም አንዳንድ ቀን ይመለስበታል፤ ካምሲን ሲነፍስና ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይብስበታል። ነገር ግን ባለፈው ወር በአንድ ማታ፣ የበረካውን ስኒ ከእናቱ ተቀብሎ ሲያቀብለኝ፣ ዕዳዬ ትዝ አለኝና «ወንድሜ፣ ያኔ ጠይቀኸኝ አልመለስሁልህም፤ ፊትህ አለ» አልሁት። ቅንድቡ ከፍ አለ። ጠበቅሁ፤ ሰባት ያህል ቈጠርሁ።

«ያንተም አለ» አለኝ።